ጄድን ቢላ አይገድለውም፣ ጣሳ ነው

እናቴ ቤት መግቢያ ላይ፣ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ጄድ የሚባል ቅጠለ ወፍራም ተክል ነበር። ውሃ የሚያገኘው ሰው ትዝ ሲለው ነው። ጠዋት ፀሐይ ያርፍበታል፣ ከሰዓት ጥላ ይሆናል። ቅርጽ ላስይዘው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ግንዱ ግን የሕፃን ክንድ ያህል ወፍሮ፣ ቡናማ ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ፣ እንግዳ ሁሉ ቆሞ የሚያየው ዛፍ ሆኖ ነበር። ኮንዶሚኒየም ስገባ እሱን ሰጠችኝ። ሳሎን ጥግ ላይ አሳምሬ አስቀመጥኩትና በየሁለት ቀኑ በጣሳ አጠጣው ጀመር። በአምስተኛው ወር ቅጠሉ ይረግፍ ገባ፣ ጫፉ ወደ መስኮቱ ተመዘዘ፣ አንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ከመነሻው ጠቁሮ ስነካው እጄ ላይ ሟሸሸ።

ያን ዕለት ቅርንጫፉን በቢላ ቆርጬ ጣልኩትና ተክሉ አበቃለት ብዬ ተውኩት። አላበቃለትም። በሦስተኛው ሳምንት ከቁርጡ በታች ሁለት ቡቃያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጄድ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ያንኑ ነው፤ ይህን ተክል ቢላ አይገድለውም፣ የሚገድለው ጣሳ ነው። ሰው ግን የሚፈራው ቢላውን ነው፣ በጣሳው ላይ እጁ አያጥርም። ለዚህ ነው በየቤቱ ያለው ጄድ አሥር ዓመት ኖሮም ቀጭን፣ ረጅምና በድጋፍ የቆመ የሚሆነው።

መጀመሪያ ተክሉን እንወቀው። ጄድ የመጣው ከደቡብ አፍሪካና ከሞዛምቢክ ነው። በአገሩ ድንጋያማና ደረቅ ኮረብታ ላይ ይበቅላል፣ ቁመቱም እስከ 2.5 ሜትር ይደርሳል። ውሃ የሚያጠራቅመው በቅጠሉም በግንዱም ነው። ግንዱ ሲያረጅ እንጨት ይመስላል እንጂ ውስጡ እንደ ባሕር ዛፍ ወይም እንደ ወይራ ጠንካራ እንጨት አይደለም። ለስላሳና ውሃ ያዘለ ነው። ይህን ልብ በሉ፣ ኋላ ሽቦ ጋ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ሌላም ነገር አለው። ብዙ ተክል በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ይከፍታል። ጄድ ግን ውሃው በፀሐይ እንዳይተን ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታቸዋል። ይህ አሠራር በሳይንስ ስሙን ያገኘው ጄድ ካለበት የክራሱላ ቤተሰብ ነው። እንዲህ ቆጥቦ የሚኖር ተክል በየሁለት ቀኑ ጣሳ ሲፈስበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ከመጀመራችሁ በፊት በእጃችሁ ያለው ጄድ መሆኑንም አረጋግጡ። ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሞላላና ከሁለት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅጠሉ እንደ ጥፍር ትንንሽ፣ ለጋ ግንዱም ቀላ ያለ ከሆነ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዝሆኖች የሚበሉት ስፔክቡም የሚባለው ሌላ ተክል ነው። ብዙ ቦታ ትንሹ ጄድ እየተባለ ይሸጣል፣ ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ለእሱም ይሠራል። ስትቆርጡት ነጭ ወተት ካወጣ ግን ጄድ አይደለም። እንደ ቁልቋል ያለ ነገር ነውና ዓይናችሁን ጠብቁ።

ብርሃን

ወፍራም ግንድ የሚሠራው ብርሃን ነው። ቢያንስ 4 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኝ ጄድ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ይመዘዛል፣ ያ የተመዘዘ ቦታ ደግሞ በኋላ ተመልሶ አይሰበሰብም። ሳሎን ጥግ ለጄድ ቦታ አይደለም። በረንዳ፣ የግቢ አጥር ሥር፣ ወይም ፀሐይ በደንብ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ይሁን።

ግን ቤት ውስጥ የከረመውን በአንድ ቀን አውጥታችሁ የአዲስ አበባ ፀሐይ ላይ አትጣሉት። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው፣ ለጥላ የለመደ ቅጠል በሁለት ቀን ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል። የመጀመሪያውን ሳምንት የጠዋት ፀሐይ ብቻ ስጡት፣ ሁለተኛውን እስከ ቀትር፣ ከዚያ ይለምዳል። የቅጠሉ ጠርዝ ቀላ ማለት ሲጀምር አትደንግጡ። በቂ ፀሐይና ቀዝቃዛ ሌሊት ያገኘ ጄድ እንዲያ ነው የሚያምረው። በየሳምንቱ ማሰሮውን ሩብ ዙር አዙሩት፣ አለዚያ ወደ ብርሃኑ ያዘነብላል።

አፈርና ማሰሮ

ጥቁር አፈር ብቻውን አትጠቀሙ። ሲረጥብ እንደ ጭቃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የጄድ ሥር ደግሞ ቀጭንና አየር ፈላጊ ነው። እኔ የምጠቀመው ግንባታ ቦታ የሚገኘውን ነው፤ ብሎኬት የሚሠራበትን ፓሚስ፣ ወይም መንገድ ላይ የሚደለደለውን ሬድ አሽ። ሁለቱም ከእሳተ ገሞራ የመጡ፣ ቀዳዳ የበዛባቸው ድንጋዮች ናቸው። ውሃውን ያሳልፋሉ፣ ጥቂት እርጥበት ግን በሆዳቸው ይይዛሉ። በወንፊት ነፍቼ ዱቄቱን እጥላለሁ፣ የምፈልገው ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያህለውን ብቻ ነው። ሁለት እጅ ከዚያ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ቀይ አፈር። በቃ። ውሃ ሲፈስበት ላይ ሳይተኛ ወዲያው ከሥር መውጣት አለበት። ከዘገየ ድንጋዩን ጨምሩ።

ማሰሮው ሸክላ ቢሆን ይመረጣል። አንደኛ ይተነፍሳል። ሁለተኛ ከባድ ነው፤ ያደገ ጄድ አናቱ ስለሚከብድ ቀላል ፕላስቲክ ውስጥ ካለ አንድ ነፋስ ይገለብጠዋል። ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ምንም ቢያምር አትትከሉበት። መጠኑም ከሥሩ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይትረፍ። ትልቅ ማሰሮ ብዙ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ሥሩን ያበሰብሳል።

ውሃ

በየስንት ቀኑ ላጠጣው የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፣ ተክሉን ጠይቁት። ከታች ያለውን አንድ ያደገ ቅጠል በሁለት ጣት ያዙና በቀስታ ተጫኑ። ጠንክሮ ከቆመ ውሃ አለው፣ ተዉት። ትንሽ ከተለመጠ ወይም ላዩ ከተጨማደደ ጊዜው ነው። ያኔ ከሥር እስኪፈስ አጠጡና ከታች ሳህን ካለ የተጠራቀመውን ድፉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ከሁሉ የከፋው ነው። ላዩን ያረጥባል፣ ሥሩ ጋ አይደርስም ወይም ደግሞ መቼም አይደርቅም።

በእኔ በረንዳ በበጋ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ክረምት ላይ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ ጣሪያ ሥር አስገባዋለሁ። ዝናቡ ብቻም አይደለም፣ የበረዶ ጠጠሩ ቅጠሉን ይበሳሳዋል፣ ጠባሳው ደግሞ ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ አይጠፋም። በእነዚያ ወራት በወር አንዴ ባጠጣው ነው። ከቤት ስትርቁ ጠባቂ የምትተዉለት ከሆነ ጣሳውን ደብቁ። ሦስት ሳምንት ሳይጠጣ ቢቆይ ቅጠሉ ይጨማደዳል እንጂ አይሞትም፣ ሦስት ሳምንት በየቀኑ ከጠጣ ግን አትደርሱለትም።

ማዳበሪያ ላይ ብዙ አልልም። የበሰለ ኮምፖስት በዓመት አንድ ጊዜ ላዩ ላይ በስሱ ይበቃዋል። ዩሪያ ግን አትበትኑበት። ሥሩን ያቃጥላል፣ ከተረፈም ለስላሳና ረጃጅም ግንድ ነው የሚያወጣው።

ግንድ ማወፈር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግንድ የሚወፍረው በቅጠል ነው። ቅጠሉ የሚሠራው ምግብ በግንዱ ሲያልፍ ነው ግንዱ የሚደልበው። ስለዚህ ገና እርሳስ የሚያህል ጄድ ይዛችሁ ዛፍ ይምሰል ብላችሁ የታች ቅርንጫፎቹን ከመነጠራችሁ ቀጭኑ ግንድ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። የታች ቅርንጫፎችን መጀመሪያ ላይ ተዉአቸው። ባያምሩም ተዉአቸው። የግንዱን መነሻ የሚያወፍሩት እነሱ ናቸው። የምትፈልጉት ውፍረት ሲመጣ ያኔ ትቆርጧቸዋላችሁ። ይህ የዓመታት ጉዳይ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ጠብቁ፣ በዚያ ጊዜ የምትሠሩት ፀሐይ መስጠትና ጫፍ መቀንጠብ ብቻ ነው።

አቆራረጥ

ይህን ክፍል ተረጋግታችሁ አንብቡ፣ የሥራው እምብርት ነው።

ጄዱን ጠረጴዛ ላይ አውጡና ቁጭ ብላችሁ ዓይናችሁን ከግንዱ መሐል ትክክል አድርጉ። ቆማችሁ ከላይ ስታዩት ቅርጹ አይታይም። ዙሩት። የሥሩ መነሻ ሰፋ ብሎ የሚታይበት፣ ግንዱም ያለ ግርዶሽ የሚታይበት ጎን ፊቱ ነው። በኖራ ወይም በፕላስተር ማሰሮው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ዋና ቅርንጫፍ ምረጡ። የታችኞቹ ረዘምና ወፈር ያሉት፣ የላይኞቹ አጠር ያሉት ይሁኑ። ወደ ውስጥ የሚያድገው፣ ሌላውን አቋርጦ የሚሄደው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ይውጣ። እጃችሁ ከፈራ የምትቆርጡት ላይ ክር እሰሩና አንድ ሌሊት አሳድሩት። እኔ እስካሁን እንዲያ ነው የማደርገው። ጠዋት ላይ ከታሰሩት አንዱን ሳልፈታ የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አሁን ግንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። እንደ ሸንኮራ አገዳ በየርቀቱ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር ታገኛላችሁ። ቅጠል የነበረበት አንጓ ነው። ቅጠሉ ከረገፈ ዓመታት ቢያልፉም እዚያ መስመር ላይ በግራና በቀኝ የተኛ ቡቃያ አለ። ከላዩ ያለው ሲቆረጥ ይነቃል። የጄድ ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ አንዱ ጥንድ ወደ ግራና ቀኝ ካየ ቀጣዩ ወደ ፊትና ኋላ ያያል፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ይህን ካወቃችሁ ቅርንጫፍ ከየት እንደሚወጣ ወሳኞቹ እናንተ ናችሁ። ወደ ጎን የሚሄድ ቅርንጫፍ ከፈለጋችሁ ወደ ጎን ከሚያየው አንጓ በላይ ቁረጡ። ሁለት ቡቃያ ይወጣል። የማትፈልጉትን በጥፍራችሁ ግፉት፣ ገና ለጋ ሳለ ጠቅ ብሎ ይወድቃል።

ምላጩ ወይም መቀሱ ስለታም ይሁን፣ በአልኮል ጥረጉት። ከመስመሩ ላይ ጠጋ ብላችሁ አትቁረጡ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ በሉ። ቢላው ሲገባ እንደ ዱባ ቀላል ነው፣ ቁርጡ አረንጓዴና እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ጠብታ ውሃም ሊያወጣ ይችላል። በሳምንት ውስጥ ላዩ ይጠግጋል። ከዚያ የተረፈችው ጉቶ እየተጨማደደች፣ እየጠቆረች፣ ልክ መስመሩ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። አትንኳት። ስትደርቅ በራሷ ትወድቃለች፣ ከሥሯም ንጹሕ ጠባሳ ይቀራል። ጠጋ ብላችሁ ብትቆርጡ ኖሮ ያ ድርቀት ወደ ቀጣዩ አንጓ ይወርድና የፈለጋችሁትን ቡቃያ ይበላዋል። ቁስሉ ላይ ምንም መቀባት አያስፈልግም፣ አየር ይበቃዋል።

ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከቆረጣችሁም በኋላ ሌላ አንድ ሳምንት ውሃ አትስጡት። ብዙ ቅጠል ካወጣችሁለት ደግሞ የሚጠጣው እንደሚቀንስ አትርሱ። ቡቃያው እስኪታይ ጣሳው ይቆይ።

መቼ? አዲስ አበባ ላይ የምወደው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐዩ ተመልሷል፣ ቁስል ቶሎ ይደርቃል። መጋቢትና ሚያዝያም ይሆናል። ክረምት ላይ አትቁረጡ፣ እርጥብ ቁስል ለመበስበስ በር ነው። አበባ የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ ቀዝቃዛው ወቅት ሲቃረብ ጫፉን አትንኩት። ያረጀ ጄድ ነጭ ወይም ሮዝ ቀለም የነካቸው ኮከብ የሚመስሉ ትንንሽ አበቦች የሚያወጣው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው።

ትልቁ ቁርጥ ካለቀ በኋላ የቀረው ቅንጠባ ነው። አዲሱ ቅርንጫፍ ሁለት ሦስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ላይ ያለውን ሩዝ የሚያህል ለጋ ጥንድ በጥፍር ቀንጥቡ። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። በዚህ ዘዴ ነው ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ዋርካ አናቱ የተዘረጋ ጄድ የሚገኘው።

ስለ ሽቦ ብዙ ጥያቄ ይመጣል። ለቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን በማሰሮ እያሳነሱ ቅርጽ ለማስያዝ፣ ሽቦ ይጠቀማሉና። ጄድ ላይ እኔ አልመክርም። ቅድም እንዳልኩት ግንዱ ለስላሳ ነው። ሽቦው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሰምጥበታል፣ ጠባሳውም አብሮት ይኖራል። ወፍራሙን ቅርንጫፍ በኃይል ካጎበጣችሁት ደግሞ ጧ ብሎ ይሰበራል። ማዘንበል የግድ ከሆነ ተክሉ ውሃ ሳይጠጣ ከርሞ ለስለስ ባለበት ሰሞን ሰፋ ያለ ጨርቅ ጠቅልሉበትና በሲባጎ ወደ ማሰሮው ጠርዝ ሳቡት። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጠበቅ አድርጉት። ቅርንጫፍ በራሱ ክብደትም ይወርዳል፣ አንዳንዴ የሚያስፈልገው መጠበቅ ብቻ ነው።

አፈር ሲቀየር

በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ ከማሰሮው አውጡት። ከማውጣታችሁ በፊት አፈሩ ይድረቅ። አሮጌውን አፈር በጣታችሁና በቀጭን እንጨት አራግፉ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደውን ወፍራም ሥር ማሳጠር ትችላላችሁ። ዙሪያውን ያሉትን ግን እንደ እጅ ጣት ዘርግታችሁ አስተኟቸውና ላያቸውን በስሱ ሸፍኑ። የግንዱ መነሻ ከአፈር በላይ ይታይ። በየጊዜው እንዲህ ከተደረገ የሥሩ ትከሻ እየወፈረ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ነው ተክሉ የምር አሮጌ ዛፍ የሚመስለው። ከተተከለ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ውሃ የለም፣ የተቀደደው ሥር መድረቅ አለበት። እስኪቆምም በሲባጎ ከማሰሮው ጋር እሰሩት።

ሥሩን ስታወጡ ቡናማና ልፍስፍስ ካያችሁ እስከ ጤነኛው ድረስ ቁረጡ። ግንዱም እንዲሁ ነው። ጠቁሮ የለሰለሰ ካለ ቁርጡ ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ እስከማይታይ ድረስ ወደ ጤነኛው ሂዱ። ሁሉም በስብሶ ጫፍ ብቻ ከተረፈም ከጫፉ እንደገና መጀመር ይቻላል።

ተባይ ከተባለ ዋናው በቅጠልና በግንድ መጋጠሚያ ላይ ጥጥ መስሎ የሚቀመጠው ነው። በአልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ ጥረጉት፣ በሳምንቱ ድገሙት። ድመት ወይም ውሻ ያለው ቤት ደግሞ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠው፣ ከበሉት ያስመልሳቸዋል።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ አውሮፓ ውርጭ ይገድለዋል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ ሲጀምር ወደ ደቡብ ወደሚያይ መስኮት አስገቡት፣ በብርዱ ወራት ውሃውን ቀንሱ፣ ቁርጡን ለፀደይ አቆዩት። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ በሞቃቶቹ ወራት ከቀትር ፀሐይ ሰውሩት። በዚያ ሙቀት እድገቱ ስለሚቆም መቁረጡም አፈር መቀየሩም ለቀዝቃዛዎቹ ወራት ይሁን።

የቆረጣችሁትን አትጣሉ። የእጅ መዳፍ የሚያህሉትን ምረጡ፣ የታች ቅጠሎቻቸውን አንሱ፣ ጥላ ቦታ ጋዜጣ ላይ አንድ ሳምንት አስተኟቸው። ቁስሉ ደርቆ ሲጠግግ በደረቅ ፓሚስ ውስጥ አቁሙ። ሳምንት ቆይታችሁ በስሱ አርጥቡት። ሥር ይዞ እንደሆነ ለማየት እየነቀላችሁ አትዩ፤ ቀጫጭኑ ሥር ይበጠሳል። ጫፉ ላይ አዲስ ጥንድ ቅጠል ሲከፈት ይዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ለጎረቤት ልትሰጡት ትችላላችሁ። የእናቴ ጄድ አሁን በእኛ ብሎክ አራት በረንዳ ላይ አለ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ባለፈው ጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆርጧል።